ወረቀቱ እስኪደርቅ

«ምነው መምህር፣ በእኛ ይቀልዳሉ?»

እታለም መጀመሪያ የተናገረችኝ ቃል ይሄ ነው።

በ1978 አሶሳ አጠገብ ሠፈራ ጣቢያ ውስጥ አስተምር ነበር። ከነቀምቴ ስመጣ አንድ ካርቶን ይዣለሁ። ውስጡ ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨትና ስስ ወረቀት አለ፤ ተማሪ ሳለሁ አንድ የውጭ አገር መምህር ትንንሽ አውሮፕላን መሥራት አስተምሮኝ ነበር። ያን ቀን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ አንዷን ሳበርር ከወሎ የመጣች ሠፋሪ ልጃገረድ ውሃ ተሸክማ ቆመች። ሳያት ልቤ ድንግጥ አለ። እሷ ግን ታለቅስ ነበር።

«እኔን ያመጣኝ አውሮፕላን ነው። ከገበያ አፍሰው፣ እናቴን እዚያው ጥለው እኔን ብቻ!»

አፈርኩ። ካርቶኑን አልጋ ሥር ከተትኩት። ከዚያ ይቅርታ ስጠይቅ፣ ውሃ ሳግዛት... ተዋደድን! አንቱ ማለቷንም ተወች።

ከዓመት በኋላ ካርቶኑን ራሷ ጎትታ አወጣችው።

«ነገሪ፣ አንድ ሥራልኝ።»

«ምን ልታደርጊው?»

«እናቴ ታማለች አሉኝ። አብረን እንጥፋ! በምን ወሰዱሽ ስትለኝ ላሳያት።»

ከጣቢያ መጥፋት እስር ነው። እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ። «እሺ» አልኩ እንጂ ሆዴ እምቢ ብሏል።

አብረን ጀመርነው። ባልሳው ሲያጥር ቀርከሃ ሰንጥቃ ለጅራቱ ሰጠችኝ። ክንፉን ወረቀት አለበስኩት። ወረቀቱ ውሃ ይረጭበታል፤ ሲደርቅ እንደ ከበሮ ይወጠራል።

«መቼ ይደርቃል?»

«ሳምንት ይፈልጋል።»

በሳምንቱ መጣች። «ደረቀ?»

«ክረምት አይደል የኔ ዓለም፣ ትንሽ ታገሺ።»

እውነቱን ልንገራችሁ? ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም። ልትመጣ ስትል ደግሜ ውሃ እረጭበት ነበር። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሸነገልኳት!

በአራተኛው ሳምንት አልመጣችም። ብቻዋን ጠፍታለች።

ክንፉ እንደ ተለጠፈ፣ አካሉ ራቁቱን፣ ካርቶኑን ዘጋሁበት። ደርግ ሲወድቅ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ እኔም ደፋር ሆንኩላችሁ! አውጥቼ ጨረስኩትና ይዤው ወሎ ሄድኩ።

እታለምን ደጃፏ ላይ ልጅ አዝላ አገኘኋት። አግብታለች። አውሮፕላኑን ተቀብላ የቀርከሃውን ጅራት ዳሰሰችው።

«ደረቀ?» አለችኝ።

«እታለም... ያኔም ደርቆ ነበር። ፈርቼ ነው።»



«ስደርስ እናቴ ከተቀበረች ዘጠኝ ቀኗ ነበር» አለች። «ፈራሁ ብትለኝ ምን ነበረበት? እኔ እንደሆንኩ የዚያኑ ቀን ብቻዬን እሄድ ነበር እኮ!»

እንባዬ ቀደመኝ። እሷ አላለቀሰችም። ምሳ አቅርባ ከባሏ ጋር አበላችኝ። ልወጣ ስነሳ አውሮፕላኑን መለሰችልኝ።

«ለእናቴ ነበር የፈለግኩት። በደህና ግባ።»

አሁን አሶሳ፣ ቤቴ ውስጥ ተሰቅሏል። አንድም ቀን አላበረርኩትም። አንዳንዴ አወርደውና ክንፉ ላይ ውሃ እረጫለሁ፤ ከዚያ ሰዓቴን ይዤ አጠገቡ እቀመጣለሁ።

ግማሽ ሰዓት አይሞላም።