የዜማ ገላ

በ1998 ዓ.ም. ጥር የተዳረችው ዜማ የካቲት ሳያልቅ ሞተች። ኢንስፔክተር አይናዲስ ከደብረ ማርቆስ ተጠርታ የጁቤ ስትደርስ አስከሬኑ ገና አልተገነዘም ነበር። የሟች ወንድም ቢተው ጠመንጃውን ታቅፎ የአማቶቿ ደጃፍ ላይ ቆሟል።

«እህቴን መርዘው ነው የገደሏት። ሳይጣራ አትቀበርም፤ ከተጣራ በኋላ ግን እኔ አውቃለሁ።»

አይናዲስ ሰዉን አስወጥታ ገላውን አየች። ደረቷና ጀርባዋ እሳት እንደነካው ተልጧል። ከንፈሯና ዓይኗ ቆስሏል። ምላሷ ጠርዝ ላይ የቆዩ የንክሻ ጠባሳዎች፣ ክንዷ ላይ የድሮ ቃጠሎ አለ። ነጠላዋ ጫፍ ላይ ነጫጭ ኪኒኖች ተቋጥረዋል።

መጀመሪያ የጠየቀችው አማትየዋን፣ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስን ነው።

«ቅባት ቀብተዋታል ይባላል።»

«ቀብቻታለሁ። ችፌ መስሎኝ ቅቤ በቅጠል ለውሼ እጇን ቀባኋት።»

«ደረቷንስ?»

«አላስነካ አለችኝ። ያን ጊዜ አፏም ቆስሎ ነበር።»

«ሽፍታው የወጣው ከቅባቱ በፊት ነው?»

«በፊት እንጂ! ባይወጣ ለምን እቀባታለሁ?»

ባሏ ምናለ ግድግዳ ግድግዳውን እያየ መለሰ።

«ምን ትበላ ነበር?»

«ከእኛው ገበታ።»

«ማን ይጠይቃት ነበር?»

«እናቷ ብቻ። በገበያ ቀን ይመጣሉ፤ ሁለቱ ጓዳ ገብተው ይዘጋሉ።»

እናቷ ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ አላለቀሱም። «ልጄ ጤነኛ ነበረች» ከማለት በቀር ቃል አልወጣቸውም።

አይናዲስ ኪኒኑን ለሐኪም አሳይታ ተመለሰችና ሁሉንም እልፍኝ ሰበሰበች።

«መርዝ አይደለም» አለች። «ቅባቱ የነካው እጇን ነው፤ የተላጠው ግን ደረቷና ጀርባዋ ነው፣ አፏና ዓይኗም ቆስሏል። ስለዚህ ነገሩ ከውስጥ ነው የመጣው። ከገበታው ሁላችሁም በልታችኋል፤ የታመመ የለም። እሷ ብቻ የምትወስደው ነገር ነበር ማለት ነው። ምላሷን የነከሰችው፣ ክንዷም የተቃጠለው ስትወድቅ ነው። የሚጥል በሽታ ነበረባት። ይህ ኪኒን ደግሞ የዚያ መድኃኒት ነው። ብዙ ሰው ይሻለዋል፤ የአንዳንዱን ሰው ቆዳ ግን ያስቆጣል። ሽፍታው ታይቶ ካልተቋረጠ ይገድላል።» ወደ እናትየዋ ዞረች። «እዚህ ቤት በሽታዋን የሚያውቅ የለም። ያመጡላት እርስዎ ነዎት።»

«እማ?» አለ ቢተው።

«የድሮው መድኃኒት ያፈዛት ነበር። ለሠርጓ ብዬ አስቀየርኩላት» አሉ ወለተ ሥላሴ፣ የሌላ ሰው ጉዳይ እንደሚያወሩ ሁሉ። «ሐኪሙ ሽፍታ ካየሽ አስቁሚና ይዘሻት ነይ ብሎኝ ነበር። እሷም ልተወው አለችኝ። ከተውሽው ፊታቸው ትወድቂያለሽ፣ ይመልሱሻል፤ ዋጪው አልኳት።»

«እኔ ሰው ልገድል ቆሜ ሳለሁ ዝም አልሽ?»

«አዎ።»

ቢተው ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና ተቀመጠ። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ነበር።

ምናለ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «ብትነግሩን ኖሮስ? ማን ይመልሳት ነበር?»



«እኔ» አሉ እናቱ ወለተ ጊዮርጊስ። «እኔ እመልሳት ነበር።»

ይህን ብለው ተነሡና መገነዣውን ሊያመጡ ወጡ።