ጭስ መውጫውን የደፈነ እጅ

ሣጥን ሠሪው፣ ከገለባና ከአሮጌ ወረቀት ሊጥ በሠራቸው ሣጥኖች መካከል፣ ክንዱን ተንተርሶ ሞቶ ተገኘ። ማድረቂያው ክፍል ውስጥ ከሰል እንደነደደ እንቅልፍ ወስዶት ኖሯል። ፖሊሶቹ «የከሰል ጭስ ነው፤ አደጋ ነው» ብለው ፋይሉን ሊዘጉ ሲሉ መርማሪዋ ደረሰች። ባልደረቦቿ «ቆቋ» ይሏታል፤ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንላትም።

ክፍሉን ዞረችው፤ አልበቃትም፤ ወጥታ ግድግዳውን በውጭ በኩል ዞረች። የጭስ መውጫው በሊጥ ተደፍኗል። የድፍኑ ጠርዝ ላይ ጥርስ ጥርስ የሚመስል ጌጥ በጣት ተጭኖበታል። ሣጥኖቹም ላይ ያለው ይኸው ከእናት የወረደ የቤተሰቡ ጌጥ ነው።

«ሊጥ የሚነካው ማነው?» ስትል ሚስቱን ጠየቀቻት።

«ሁላችንም። ሣጥኑን ለምግብ ማሸጊያ የሚፈልገው ፋብሪካ ዲዛይነር እንኳ ሲመጣ እጁን ይነክራል።»

«ባለቤትሽ ጠላት ነበረው?»

«ኧረ እሱ ሰው ቀና ብሎ አያይ! ጌጡን ለፋብሪካው ሊሰጥ ዛሬ ይፈርም ነበር። እህቱ አኩርፋዋለች። ትናንት ደግሞ ልቡ ሲወላውል ዲዛይነሩ ጮኸበት።»

መርማሪዋ ሚስትን፣ ዲዛይነሩንና ታላቅ እህትን በሊጡ ገንዳ ዙሪያ ሰበሰበች። ለእያንዳንዳቸው የተሰነጠቀ ሣጥን ሰጠች።

«እስኪ እየተጫወትን ስንጥቁን ድፈኑልኝ።»

ሦስቱም ወተፉት። እህት ቶሎ ብላ እጇን ሰበሰበች።

«ለመሆኑ የዚህ ሣጥን መጨረሻው ምንድነው?» አለች መርማሪዋ ወደ ዲዛይነሩ ዞራ።

ፊቱ በራ። «ውበቱ እሱ ላይ ነው! ሰዎች ምግቡን በልተው ሣጥኑን ይጥሉታል፤ አፈር ውስጥ ይበሰብሳል። አካባቢ አይበክልም።»

«ጌጡም?»

«ጌጡም!»

መርማሪዋ እሱን አላየችውም። የእህት አውራ ጣት ወደ ስንጥቁ ተመልሷል፤ ሊጡን ይጫናል፣ በጥፍር ይቆርጣል፣ ይጫናል።

«መውጫው የተደፈነው ከውጭ ነው፤ ስለዚህ አደጋ አይደለም» አለች መርማሪዋ። ዲዛይነሩን እያየች። «እርስዎ ጌጡን በኮምፒውተር ይሥሉታል፤ ሊጡን ግን ወትፈው ተዉት። ሚስትም እንደዚሁ። የቸኮለ ገዳይ ጌጥ አያወጣም፤ እጁ አልታዘዝ ካላለው በቀር። እትዬ፣ ጣትዎን ይዩት።»

ሁሉም አዩት። ሚስት «የገዛ ወንድምሽን!» ብላ ጮኸች።

«የእናቴን እጅ ጥራጊ ላይ ሊጥለው ነበር» አለች እህት። «ለመንኩት፤ እግሩ ላይ ወደቅኩ።» ከዚያ እንባዋ መጣ። «ወንድሜን… እኔው ያዘልኩትን ልጅ!»

ፖሊሱ ከጭስ መውጫው የፈለቀቀውን ድፍን በላስቲክ ጠቅልሎ ገባ። እህት ቀና አለች።

«እሱንስ ምን ታደርጉታላችሁ?»

«ማስረጃ ነው፤ ይቀመጣል።»

«አይጣልም?»

«አይጣልም፣ እትዬ።»

እህት እፎይ አለች። መርማሪዋ ያንን እፎይታ ቆማ ማየት አቃታትና ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።