ካዚኖ ሊሠራበት የነበረው ግቢያችን

እኔ በጅን ወሬ የማምን ሰው አይደለሁም፤ ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ፣ ልጆቼን ትምህርት ቤት ካስገባሁ በኋላ ስለሆነ፣ ያነበብኩትን እንኳ ሳላጣራ አልቀበልም፣ ሰው «አየሁ» ሲለኝ «በየት በኩል? ብርሃን ነበር?» እያልኩ አሰለቻለሁ፣ እህቴ ዘይነባ ትመስክር። ይህን የምነግራችሁ ላሳምናችሁ አይደለም፣ ብቻዬን መሸከሙ ከብዶኝ ነው።

የእናቴ ቤት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ፣ ሐረጎ ላይ፣ ከመንገዱ ከፍ ብሎ ነበር። ቦታው ለመዝናኛ ይፈለጋል ተባለ፣ ሆቴል፣ መዋኛ፣ ካዚኖም ጭምር፤ ሥዕሉ በሰፊ ሰሌዳ ተተከለ፣ የእኛ ቤት በቆመበት ላይ የመስታወት ፎቅ ተስሎ። እናቴ ካዚኖ ምንድን ነው ብትለኝ ቁማር ቤት ነው አልኳት። «አባትሽ ሲሰግድበት በኖረው መሬት ላይ?» አለች። ቤቱ ፈረሰ፣ እኛ ደሴ ከተማ ሰኞ ገበያ አጠገብ ተከራየን፣ ጦርነቱ መጣ፣ ሄደ፣ ሆቴሉ ግን ሳይሠራ ቀረ።

ባለፈው ክረምት እናቴን እግሯ ከዳት፣ እስከ በሩ እንኳ ደግፈን ነበር የምናደርሳት። «ካልሠሩት እዚህ ምን አስቀመጠኝ? ሂጂና እይልኝ፣ ግድግዳው ካለ እዚያው ቤቴ ልሙት» ትለኛለች ነጋ ጠባ። አንድም ግድግዳ እንደሌለ አውቃለሁ፣ ግን እንቢ ማለት አቃተኝና ሄድኩ።

ሐረጎ ላይ «ወራጅ አለ» ስል የሚኒባሱ ሾፌር በመስታወቱ አየኝና «እትዬ፣ እዚህ ጉም ውስጥ ምን አለና ይወርዳሉ? ካዚኖው ተከፈተ እንዴ?» አለ። ከኋላ አንዱ «ተዋቸው እባክህ፣ ከበሉ ለኛም ይደርሰናል!» ሲል መኪናው በሙሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ።

ሰሌዳው ዝጎ ከሥዕሉ የቀረው የመዋኛው ሰማያዊ ብቻ ነው። ለመግሪብ ሶላት ጥቂት ቀርቶ ነበር፣ ጉሙ ወርዷል፣ እግሬ ግን መንገዱን ያውቀዋል። የድሮው በራችን የነበረበት ጋ ስደርስ ቆምኩ። በእኛ ዘንድ የእናት ቤት ቢሆንም ደጅ ላይ ሳይጣሩ አይገባም፣ አፌ ከሐሳቤ ቀድሞ «ቤቶች!» አለ። በራሴ አፈርኩ፤ ፊት ለፊቴ ሣርና የቀያሾች ችካል ብቻ ነው ያለው።

ከዚያ ውሃ ሰማሁ፣ ቀስ እያለ ድንጋይ ላይ የሚወርድ፣ ልክ ከሶላት በፊት እግር እንደሚታጠቡበት የውዱእ ውሃ። ክረምት ነው፣ ምንጭ ይሆናል አልኩ። ቀጥሎ ግን መዝጊያ ሲጎተት ሰማሁ፤ አባቴ አጣሞ ስለሰቀለው የኛ መዝጊያ ታችኛው ጫፉ መሬቱን ይፍቅ ነበር፣ ያንን ድምፅ ከሺህ በር መሃል እለየዋለሁ።

«ግቢ እንጂ፣ ምን ያስቆምሻል?»

የእናቴ ድምፅ ነው፣ እመኑኝ፣ ያውም የዛሬው የሚንቀጠቀጠው ሳይሆን የድሮው። ወላሂ፣ አንድ እግሬን አንስቼ ነበር። ኋላ እናቴ ደሴ አልጋ ላይ መሆኗ ትዝ ሲለኝ ዞሬ ቁልቁል ሮጥኩ።

ቤት ስደርስ ዘይነባ አልጋው አጠገብ ተቀምጣለች። እናቴ ቀና ብላ አየችኝና «ምነው ተመለስሽ? ግቢ ብዬሽ» አለች።

«ምን እያለች ነው?» አለች ዘይነባ፣ «ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሶላት ወዲህ እኮ ቃል አልወጣትም።»

ብርድ ልብሱን ገልጬ እግሯን ብነካው እርጥብ ነው። «አጥበሻት ነው?» አልኳት ዘይነባን።

«ኧረ እኔ አልነካኋትም!»

ከዚያን ቀን ወዲህ እናቴ ቤቴ ውሰዱኝ ብላ አታውቅም። ጭራሽ አትናገርም። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ሐኪሙም እርጅና ነው ብሎናል፣ ልክ ሊሆን ይችላል። ግን ከሥራ ስመለስ እንደ ልማዴ ደጁ ላይ «ቤቶች!» እላለሁ፤ ድሮ ከአልጋዋ ሆና «ግቢ» የምትለኝ እናቴ አሁን ጎረቤት እንደተጠራ ሁሉ ዝም ብላ ታየኛለች።

ያን ዕለት ብገባ ኖሮ፣ እዚያ የጠራችኝን እናቴን ይዣት እመለስ ነበር? አላውቅም። የማውቀው፣ ያ መዝጊያ ሲከፈት መስማቴን ነው። ሲዘጋ አልሰማሁም።