ያዘነበለው ጄሊ

ጦና በገዛ ጄሊ መሥሪያ ዎርክሾፑ ወለል ላይ በጀርባው ተዘርግቶ ነበር። ጭንቅላቱ ከኋላ ተሰንጥቋል፤ ከሥሩ ግን ደም የለም። አጠገቡ ካለው ጠረጴዛ ላይ የማንጎ ጄሊ የያዘ ብርጭቆ ተቀምጧል። ጥግ ላይ የተከመረው የማንጎ ልጣጭ መሽተት ጀምሯል፤ ከዳሞታ ተራራ የወረደው ጉምም መስኮቱ ላይ ተለጥፎ አልነሳም ብሏል።

ኢንስፔክተር ምሕረት ሬሳውን ትታ ብርጭቆውን ታይ ጀመር። ይኼ አመሏ ባልደረቦቿን ያበሳጫል። ሰው ሞቶ ዕቃ የምትመረምር መርማሪ ማን ይወዳል? ጄሊው በአንድ በኩል ከፍ፣ በሌላው ዝቅ ብሎ ረግቷል። የውሃ ጠርሙሷን ከጎኑ አቆመች። ውሃው በሁሉም በኩል እኩል ነው፤ ጠረጴዛው አላዘነበለም።

«ጥበቃውን ይዘነዋል» አላት አንድ ፖሊስ። «ወልደመስቀል ይባላል። ሰሞኑን ከሟች ጋር ተጨቃጭቀው ነበር። ከሰዓት ፍርድ ቤት እናቀርበዋለን።»

ሽማግሌውን ጥበቃ ጣቢያ ውስጥ ጉልበቱን አቅፎ አገኘችው።

«ሻንቶ ከተማ ለቅሶ ደርሼ መምጣቴ ነው፣ የኔ ልጅ። ስመጣ በሩ ክፍት ነው፣ እሳቸው ወድቀዋል። እኔ ነኝ የጮህኩት። የገደለ ሰው ይጮኻል?»

«የገደለም ይጮኻል፣ አባባ» አለችው። ልቧ ግን አላመነም። የድሃ ሰው ፋይል ቶሎ እንደሚዘጋ ታውቃለች፤ ያም ያናድዳታል።

የሟች ሚስት ዓመለወርቅ ሜዳው ሰፈር ባለው ቤቷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች።

«ሰሞኑን ከራሳችን ጄሊ በጾም እንዳልበላ ከለከለኝ። ከፍሬ ብቻ ነው፣ ለጾም ይሆናል ተብሎ የሚሸጥ ነገር! ለምን ስለው ዝም አለ። ትናንት ስኳርና ሎሚ ይዞ ወጣ፤ በዚያው ቀረ።»

ከቤሌ ማንጎ የሚያመጣው ነጋዴ ኤልሳዕ ደግሞ ሳይጠየቅ ተናገረ።

«ተጣልተናል፣ እውነት ነው። የበሰለ ሳመጣ ‹ጥሬ አምጣ› ይለኛል። ጥሬ ማንጎ ማን ይበላል? እኔ ጄሊ ምን አውቃለሁ!»

መልሱን የሰጠቻት የጦና የሥራ ባልደረባ ማክዳ ናት። ቤቷ ዳሞታ ግርጌ፣ ዳገቱ ላይ ነው።

«ፍሬ ሲበስል ፔክቲኑ ይፈርሳላ! የተክልን ሕዋሶች እንደ ድንጋይ ካብ ብታይው፣ ፔክቲን ግድግዳቸውን የሚያጣብቀው ጭቃ ነው። ረጃጅም የስኳር ሰንሰለት ነው። ከልጣጩ አውጥተን በስኳርና በሎሚ ስናፈላው ሰንሰለቶቹ ይያያዙና ውሃውን አስረው ያስቀሩታል። እስኪረጋ ግን መንካት የለም። ከተነካ ይሰበራል፤ ተመልሶ አይገጥምም።»

«ጦናን መቼ አየሽው?»

«ትናንት ጠዋት፣ ዎርክሾፕ።»

ምሕረት ጠረጴዛው ላይ ካለው ሣህን ሎሚ አነሳች። ሎሚው ከእጇ አመለጠ፤ ወይም አስመለጠችው። ወለሉን ይዞ እየተንከባለለ ሄዶ በሩ ጋ ቆመ።

«ቤትሽ ያዘነብላል።»

«እዚህ ሰፈር ያላዘነበለ የለም። ለምደነዋል» አለች ማክዳ። ምሕረት ሎሚውን አንስታ ወጣች።

ከሰዓት በፊት ሁሉንም ዎርክሾፑ ውስጥ ሰበሰበች፤ ወልደመስቀልም ከነካቴናው መጣ። ለሽያጭ ከተደረደሩት ጄሊዎች አንድ ማንኪያ፣ ከሟች ብርጭቆም አንድ ማንኪያ ጨልፋ በሁለት ሲኒ አደረገች። ሲኒዎቹን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆመቻቸው። ጥቂት ደቂቃዎች አለፉ። የመጀመሪያው ቀለጠ፤ የሟቹ እንዳለ ቀረ።

«በዚህ ሙቀት ፔክቲን አይቀልጥም» አለች። «የሚቀልጠው ጄላቲን ነው፤ ከከብት ቆዳና አጥንት የሚወጣ።»

ዓመለወርቅ አፏን በእጇ ያዘች። «በጾም በልቼዋለሁ!»

«ጦና የከለከለሽ ይህን ሲደርስበት ነው። አሁን ብርጭቆውን እዩ። ፈሳሽ ዕቃው ቢያዘነብልም ሁልጊዜ ልኩን ይይዛል። ይህ ጄሊ ሲረጋ ብርጭቆው ያዘነበለ ቤት ውስጥ ነበር። ጦና የወደቀው እዚያ ነው፤ ደሙም እዚያ ቀርቷል። ሥራ ላይ ሳለ የሞተ እንዲመስል ከነጄሊው እዚህ አመጡት።»

«ያዘነበለ ቤት ሶዶ ሞልቷል» አለች ማክዳ።

«ልክ ነሽ። ግን ኤልሳዕ ወይ አባባ ወልደመስቀል ቢሆኑ ሬሳውንም ብርጭቆውንም ወዲያው አንስተው ይሮጡ ነበር። ጄሊው ወይ መንገድ ላይ ይፈሳል፣ ወይ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ልክ ሆኖ ይረጋል። የወደቀ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ጄሊ እስኪረጋ የሚጠብቅ ማነው? ሳይረጋ አለመንካት እጁ የለመደ ሰው። ዓመለወርቅም ብታውቀው ቤቷ ሜዳ ላይ ነው። አመል ያወጣል ከመሐል፣ ማክዳ። ማዘንበሉን ያላየሽውም ዐይንሽ ቤትሽን ስለለመደ ነው።»

ማክዳ ወንበሩን ይዛ ቁጭ አለች።

«ፔክቲኑ እምቢ ሲለኝ ጄላቲን ጨመርኩበት። ያለሱ እንደሚረጋ ላሳይሽ ብሎ ቤቴ መጣ። አፍልቶ ቀዳው። ‹ነገ ለጾመኛው ሁሉ እናገራለሁ› አለ። ማን ያምነኛል ከዚያ በኋላ? ገፋሁት። የምድጃው ጠርዝ አገኘው። ከዚያ በፒካፑ ጭኜ እዚህ…»

«ሬሳውን ያየው ሐኪም ወዲያው አልሞተም ይላል።»

ጉሙ መስኮቱን ሸፍኖታል። ማክዳ ብርጭቆው ላይ አፈጠጠች።

«ይተነፍስ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ጄሊውን እጠብቅ ነበር።»

ፖሊሱ የወልደመስቀልን ካቴና ፈትቶ ወደ ማክዳ ሄደ። ዓመለወርቅ ብርጭቆውን ከጠረጴዛው አነሳችና በሁለት እጇ ይዛ ዘቀዘቀችው። ጄሊው ንቅንቅ አላለም። ባሏ እንዳለው ያለ ጄላቲን ረግቶ ነበር።