ሰማያዊው የጣውላ ጫፍ

«ወንዝ ዳር ነው ያነሳሁት፤ ከድልድዩ በታች» አለ ቀጮ፣ ዓይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሳ።

ነገሩ ለመርማሪዋ ያልጣማት ያኔ ነው። ቀጮ ሲዋሽ ዓይኑን ጠረጴዛ ላይ ይተክላል። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ስለተቀመጡ ይህን ጠባዩን ከወለደችው እናቱ በላይ ታውቀዋለች። መርማሪዋ ያሏት ደግሞ የራሷ ቤተሰቦች ናቸው። ከፍሪጅ የጎደለ ነገር፣ ቦታውን የለቀቀ ጫማ፣ በሹክሹክታ የተወራ ወሬ እሷን አያልፋትም። ስሙ ከቤት ወጥቶ ትምህርት ቤት ድረስ ተከትሏት ከመጣ ቆይቷል።

የባዮሎጂ መምህሩ ፎቶውን ግድግዳው ላይ አብርቶ በአድናቆት ያየዋል። የሰጣቸው ሥራ ቀላል ነበር፤ ሁለት ሁለት ሆነው በየሰፈራቸው የሚኖሩ የዱር እንስሳትን ፎቶ ማንሳትና ያዩበትን ቦታ መመዝገብ። አብዛኛው ተማሪ ያመጣው እርግብና እንሽላሊት ነው። አንዱማ የጎረቤቱን ድመት አንስቶ መጥቶ ክፍሉን በሳቅ ገድሎታል። የቀጮ ፎቶ ላይ ግን ሸለምጥማጥ ነበር፤ ሰውነቱ ነጠብጣብ፣ ጭራው ረጅምና ቀለበት ቀለበት፣ ዓይኖቹ በስልኩ መብራት የተንቦገቦጉ።

«ሐሙስ ሁላችንም ወንዝ ወርደን እንፈልገዋለን» አለ መምህሩ። ወደ መርማሪዋም ዞሮ፣ «ግኝቱ የሁለታችሁም ነው፤ ጎበዞች» አላት።

ክፍሉ አጨበጨበ። እሷ ግን ያገኘችው ነገር የለም፤ ቅዳሜና እሁድን ያሳለፈችው አክስቷ ቤት ነው። ፎቶው የተሰረቀ ከሆነ ጭብጨባው ብቻ ሳይሆን ውርደቱም የሁለታቸው ነው።

ከክፍል ሲወጡ ቦርሳውን ጎተተችው።

«ከኢንተርኔት ነው አይደል? ነቄ ነኝ እኮ።»

«ሙድ አትያዢብኝ። በራሴ ስልክ ነው ያነሳሁት።»

«ድልድዩ ታዲያ የታል? ውሃውስ?»

«አልተመቸኝም በቃ» ብሎ ውልቅ አለ። ሁልጊዜ እስከ ሱቁ አብረው ነበር የሚሄዱት።

ቤት እንደገባች አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ ቀጮ ለክፍሉ ግሩፕ የላከውን ፎቶ በጣቶቿ እየሳበች አጎላችው። ከእንስሳው ኋላ፣ ጨለማው ውስጥ፣ የተደረደረ እንጨት ይታያል። የእንጨቱ ጫፍ ሰማያዊ ነው።

አባቷ አናጺ ነው። እርጥብ ጣውላ ሲደርቅ ከጫፉ ስለሚሰነጠቅ፣ አባቷ ከሥራ የተረፈውን ቀለም ጫፍ ጫፉን ይቀባዋል። አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ቡናማ፣ የደረሰው ሁሉ። ከወራት በፊት የተረፈው ሰማያዊ ነበር፤ ጓሮ ያለውን ክምር የቀባችውም እሷ ራሷ ነች። ብሩሹ ሲያመልጣት ያፈሰሰችው ቀለም እንኳ ፎቶው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ድልድይ የለም፣ ወንዝ የለም። ቀጮ ፎቶውን ያነሳው እዚሁ፣ ከመኝታ ቤቷ መስኮት ጀርባ ነው።

«ዛሬም አንዷ የለችም» የሚል የእናቷ ድምፅ ከውጭ ተሰማ። ሰሞኑን ዶሮዎቿ እየጠፉባት ነው። ከጫጩትነታቸው ጀምሮ በእጇ ያሳደገቻቸው ናቸው፤ አንዷ በጠፋች ቁጥር እራት አትበላም። «ሰው ከሆነ እግዜር ይይለት። አውሬ ከሆነ ግን ነገ መርዙን ይዤ ነው የምመጣው።»

መርማሪዋ ስልኩን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። እሷ በሌለችበት ቀጮ ጓሯቸው ምን ይሠራ ነበር? ዶሮ በሊታውን በዓይኑ እያየ ለምን ደበቀ? እንዲጨበጨብለት ብሎ የእናቷን ዶሮዎች አስበላ ማለት ነው?

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ አፋጠጠችው። የጣውላውን ጫፍ አጉልታ ስታሳየው ቀጮ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀ።

«ካልኩሌተርሽን ልመልስልሽ መጣሁ። በሩ ክፍት ነው፣ የአባትሽ ማሽን ይጮሃል፤ ብጠራ ማን ይስማኝ? በጓሮ በኩል ስዞር ክምሩ ላይ ቁጭ ብሏል።»

«እና ወንዝ ዳር ያልከው?»

ቀጮ ስልኩን አውጥቶ ሌላ ፎቶ አሳያት። በጣውላዎቹ መሐል ሁለት ግልገሎች ተቃቅፈው ተኝተዋል።

«እናትሽ ያን ሰሞን ሱቁ ጋ ስለ መርዝ ሲያወሩ እኔም ሰምቻለሁ» አለ።

«ለእኔ እንኳ አትነግረኝም?»

«አንቺ ካወቅሽ እሳቸው አወቁ ማለት ነው። ምንም አይደበቅሽም፤ ግን ምንም አትደብቂም።» ይህን ሲል ጠረጴዛም መሬትም አላየም፤ ያየው እሷን ነው። «መናገር ከፈለግሽ ተናገሪ። አልቀየምሽም።»

አመነችው። ማመኗ ግን አላሳረፋትም፤ ያለው ሁሉ እውነት ስለሆነ አመማት።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ በቀጥታ የዶሮ ቤቱን ፈተሸች። ከኋላ በኩል፣ መሬቱን የነካው ጣውላ በስብሶ ቀዳዳ አበጅቷል። ጠርዙ ላይ የሸለምጥማጡ ጸጉር ተሰክቷል። ማናቸውም ጎንበስ ብለው አላዩትም። እሷም ብትሆን።

አባቷን ወርክሾፑ ውስጥ ሰጋቱራ ለብሶ አገኘችው።

«አባዬ፣ አንድ ጣውላ ልውሰድ?»

«ከቀኙ ክምር ውሰጂ። ሰማያዊውን እንዳትነኪው።»

«ለምን?»

አባቷ ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተከለ። «እስኪደርቅ ነዋ።»

ሰማያዊው እንጨት ደርቆ ሊነድ ደርሷል። መርማሪዋ ወደ ጠረጴዛው ተጠግታ ፊቱን አየችው።

«የሶፋ ስፖንጄን የሚቦረቡረው አይጥ ድንገት ጠፋ» አለ በመጨረሻ። «ምን ተገኘ ብዬ ጓሮ ብወጣ፣ እናትየዋ ልጆቿን ታጠባለች። ከዚያ ወዲያ ጣውላ ማንሳት አልሆነልኝም።»

«ለእማዬ አልነገርካትም።»

«አንቺስ?»

ቤተሰቡን ስትሰልል ኖራ፣ በራሷ ጓሮ ያለውን ነገር ከቀጮና ከአባቷ በኋላ መስማቷ አሳፈራት። ቀጥሎ ደግሞ ሐሳቧ ወደ እናቷ ሄደ። ሁሉም አውቆ ሁሉም ሲደብቅ፣ የምታለቅሰው እናቷ ብቻ ነች። ይሄ ከማሳፈርም አልፎ አናደዳት።

ጣውላና መዶሻዋን ይዛ ወጣች። መጀመሪያ ለቀጮ፣ «ሐሙስ ወንዝ አንወርድም። ነገ ለመምህሩ አብረን እንነግረዋለን» ብላ ጻፈችለት። ከዚያ ተንበርክካ መቸንከር ጀመረች።

የመጨረሻውን ሚስማር ስትይዝ እናቷ ከውጭ ገባች። እጇ ላይ ትንሽ ጥቁር ፌስታል ተንጠልጥሏል።

«ምን እየሠራሽ ነው፣ መርማሪዬ?»

«ሌባው የሚገባበትን እየደፈንኩ።»

«አገኘሽው እንዴ?»

መርማሪዋ ሚስማሩን እስከ አንገቱ መታችው። መዶሻውን አስቀምጣ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ስልኳንም አውጥታ ቀጮ በእረፍት ሰዓት ከላከላት ፎቶዎች መካከል የግልገሎቹን ፎቶ መረጠች።

«እማዬ፣ ነይ አጠገቤ ቁጭ በይ» አለች። «ፌስታሉን ግን መጀመሪያ አስቀምጪው።»

ወርክሾፑ ውስጥ ሲጮህ የነበረው ማሽን ቆመ።