ዓይን ያልተሳለለት ይሁዳ

ይህ በእህቴ በወንጌላዊት ላይ የደረሰ ነው። ተረት ነው ብትሉ አልፈርድባችሁም፤ መጨረሻውን በዓይኔ ባላይ እኔም አላምንም ነበር።

ግን አይቻለሁ...

ቀኑ ያለፈው ጸሎተ ኀሙስ። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ። ቦታው ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችው ኮሶዬ፣ ገደል አፋፍ ላይ ያለ አንድ ቤተ ክርስቲያን። ጨለማ እንዳትጠብቁ። ጠራራ ፀሐይ ነበር።

ወንጌላዊት ጎንደር ውስጥ ያረጁ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችን ትጠግናለች። ሙያውን ያስተማራት ጋሼ ዓለምነው ነው። ስለ ግሪክና ስለ ቢዛንታይን ሥዕል ማውራት ሲጀምር ሰው ምሳውን ይረሳል። አባታችን ከሞተ ወዲህ እንደ አባት ነበር የምታየው። ያኔ አንቱ እንለው ነበር፤ አሁን አንቱታው ይቅርበት።

መጋቢት ላይ ሁለቱ ኮሶዬ ወጡ። እዚያ በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ውስጥ ጣውላ ላይ የተሳለ የጌታ ራት አለ። ከቁስጥንጥንያ በኢየሩሳሌም በኩል መጣ ይባላል፤ ዳርና ዳሩ የግሪክ ፊደል ነው። በዓመት አንዴ፣ በጸሎተ ኀሙስ ብቻ ይወጣል።

በሥዕሉ ላይ አሥራ አንዱ ሐዋርያት ፊት ለፊት ያያሉ፤ በሁለት ዓይናቸው።

ይሁዳ ብቻ በጎን ነው። አንድ ዓይን።

የድሮ ሠዓሊ ከሃዲን ሲስል ሙሉ ፊት አይሰጠውም።

ጣውላውን ነቀዝ ጀምሮት ነበር። ጎንደር ወስደን እንጠግነው አሉ። የዕቃ ቤቱ ጠባቂ መምሬ ኃይለ ማርያም ተጨነቁ። ሰበካ ጉባኤው ቢጠየቅ እንደማይፈቅድ ያውቃሉ።

«ለማንም አልናገርም» አሏት በሹክሹክታ። «አንቺን አምኜ ነው፣ ልጄ። ይህ ቢጠፋ ሌባው እኔ ነኝ።»

«በእኔ ይሁንብዎ፣ አባቴ» አለች።

ከመሄዳቸው በፊት አንድ መንገደኛ በእህቴ ስልክ ሦስቱን በሩ ላይ ፎቶ አነሣቸው። መምሬ መሃል፣ እሷ በቀኝ፣ ጋሼ ዓለምነው በግራ። ሦስቱም ስልኩን እያዩ። ይህን ያዙልኝ...

ጎንደር ሲገቡ ጋሼ ዓለምነው ለዐውደ ርእይ የሚሆን ቅጂ ሳዪልኝ አላት። ወር ሙሉ ሳለች። የሻማ ጠብታውን፣ የተቃጠለውን ጥግ ሳይቀር አስመሰለችው። አንድ ነገር ብቻ ተወች።

የይሁዳን ዓይን።

«ቅጂ አንድ ጉድለት ይኑረው፤ አለዚያ ሌብነት ነው» ብሎ ያስተማራት ራሱ ነው። በኋላ ረስቶት ይሁን ንቆት እንጃ።

የሕማማት ሰኞ ጋሼ ዓለምነው መጣና ሁለቱንም ጣውላ በጨርቅ ጠቀለለ።

«ዋናውን እኔ ኮሶዬ አደርሰዋለሁ። አንቺ ደክሞሻል።»

ሲወጣ... ጉንጯን ሳማት።

በሕማማት መሳሳም የለም። ይሁዳ ጌታውን በመሳም እንደሸጠ የሰፈር ሕፃን እንኳ ያውቃል።

«ውይ፣ ረሳሁት» ብሎ ሳቀ።

እሷም ሳቀች። የኔ ሞኝ።

ኀሙስ ዕለት ወደ ኮሶዬ ስትሄድ ሚኒባስ ውስጥ ያንን ፎቶ ከፈተችው። መምሬ ፊት ለፊት ያያሉ። እሷም ታያለች።

ጋሼ ዓለምነው ግን ወደ ጎን ዞሯል።

አጎላችው። አንድ ዓይን...

ደወለችለት። ስልኩ ዝግ ነው። እንደገና ደወለች። ዝግ ነው።

ስትደርስ መምሬ ጎንበስ ብለው በወይንና በወይራ ቅጠል የምእመናኑን እግር ያጥባሉ። ሥዕሉ መጋረጃ ተጥሎበት ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ተራዋ ደርሶ ተቀመጠች። ቀኝ እግሯን አጠቡላት።

ያኔ የሰበካ ጉባኤው ሰብሳቢ አያ ዳኛው መጋረጃውን ገለጡት።

ቆመው አዩት። ቆዩ...

«መምሬ... የይሁዳ ዓይን ወዴት ሄደ?»

እህቴ ቀና ብላ አየች። የገብስ ፍሬ የምታህል ነጭ ባዶ ቦታ። የገዛ እጇ ሥራ ነበር።

ቅጂው፣ መሳሙ፣ ዝጉ ስልክ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባት። ሸጧታል። አባቴ ያለችው ሰው በእጇ ሥራ ሸጧታል።

«ይህ የኛው አይደለም» አሉ አያ ዳኛው። «ከዚህ ቤት ወጥቶ ነበር?»

«ወጥቶ ነበር» አሉ መምሬ። «ለጥገና። ይቺ ልጅ ምስክሬ ናት።»

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«እውነት ነው?»

አዎ ብትል ቅጂውን ማን ሳለው ይሏታል። እሱ የለም። ያለችው እሷ ናት።

«እኔ... አላውቅም።»

መምሬ አልተቆጡም፤ ቅጠላቸውን ውኃው ውስጥ ነከሩ።

«ግራ እግርሽ ቀርቷል፣ ልጄ። አምጪው።»

አጠቡላት።

እንባዋን ጠርጋ ወደ ሥዕሉ ስታይ...

ይሁዳ ዓይን አለው።

ቀለሙ እርጥብ ነው። ቀስ እያለ ወደ ጉንጩ ይወርዳል።

መምሬን ወዲያው በፖሊስ መኪና ወደ ጎንደር ወሰዷቸው። በመስኮት እያዩዋት ሄዱ፤ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይናቸው።

በማግስቱ፣ የስቅለት ዕለት፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ የቤቴ በር ተንኳኳ። ወንጌላዊት ናት። ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ጎን ዞራ ቆማለች።

ገብታ እንደዚያው በጎን ተቀመጠች። እስካሁን የነገርኳችሁን ሁሉ በሹክሹክታ ነገረችኝ፤ አንዴም ሳታየኝ።

ተናደድኩ። «ሽማግሌው በአንቺ ቃል ታስረዋል። ተነሺ፣ ሄደሽ እውነቱን ተናገሪ።»

ስልኩን ዘረጋችልኝ። ፎቶው ተከፍቷል። መሃል ላይ መምሬ ብቻ ወደኔ ያያሉ። ግራና ቀኝ የቆሙት ሁለቱ...

ስልኩን አስቀመጥኩት።

«ወንጌላዊት... እስቲ እይኝ።»

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«ስናገርሽ ወደኔ ዙሪ እንጂ።»

የምትታየኝ አንዷ ዓይኗ ብቻ ነበረች። በእንባ ተሞልታለች።

«ዞሬያለሁ እኮ» አለችኝ።