የጠቆረው መዳብ

መምህር ወንዳወቅ ቡሬ ውስጥ ከተከራያት አንዲት ክፍል ሰኞ ጠዋት በር ተሰብሮ አስከሬኑ ወጣ። እሑድን ሙሉ ያየው ሰው አልነበረም። አጠገቡ ያስመለሰው፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ የበላበት ሳህን ተገኘ። ሚስቱ እማዋይሽ ቅዳሜ ከሰዓት ከእሱ ተጣልታ፣ ራቱን ከድና፣ ጡት የሚጠባ ልጇን ታቅፋ እህቷ ቤት ሄዳለች። መርዛዋለች ለማለት ለሰፈሩ ይኸው በቂ ነበር፤ ሰፈር መቼ ማስረጃ ይጠይቃል።

ኢንስፔክተር ያምሮት ስትደርስ እማዋይሽ በሁለት ፖሊሶች ተይዛ ቆማለች። የሟች እናት እማማ ደጊቱ ቅዳሜ አመሻሽ ከገበያ ሲመለሱ ልጃቸውን በጤናው እንዳዩት እየተናገሩ፣ የልጅ ልጄን ከነፍሰ ገዳይ አውጡልኝ ይላሉ። አከራዩ፣ እህል ነጋዴው አቶ ይታገሱ፣ ጠቡን በጆሯቸው መስማታቸውን መሰከሩ። እሳቸውም ክፍሉን ልቀቅልኝ እያሉ ሟቹን ሲጨቀጭቁት የከረሙ ናቸው።

«በምን ተጣላችሁ?» አለቻት ያምሮት እማዋይሽን።

«በዚያች አሮጌ ላፕቶፕ። ልጁ እያለቀሰ እሱ ቅዳሜ ቅዳሜ እሷን ፈትቶ ያጸዳል። አቧራዋን ያራግፋል፣ ሙቀት የምታስወጣበትን መዳቧን እስኪያበራ ይወለውላል። ከተንከባከብኳት ገና ታገለግለኛለች ይላል።»

ያምሮት ላፕቶፗን ልታበራ ሞከረች፤ እምቢ አለቻት። ጀርባዋን ፈታች። ማራገቢያዋ ላይ ብናኝ የለም፤ መዳቧ ግን ጥቀርሻ መስሏል። የሶኬቱም ሽቦ እንዲሁ ጠቁሯል። ጎንበስ ብላ አልጋው ሥር ስታይ የተበተነ በቆሎ አገኘች። የበቆሎው ጆንያ የት ሄደ ብትል ለለቀስተኛ ንፍሮ ጓሮ ወጥቷል አሏት። ማንም እንዳይነካው አዘዘችና አስገለበጠችው። መሃሉ ላይ ግራጫ ዱቄት የቋጠረ ጨርቅ ተገኘ።

ሰዎቹን ሁሉ ደጃፉ ላይ ሰበሰበች።

«መርዙ ከሳህኑ አይደለም። ምግብ መዳብ አያጠቁርም። ቅዳሜ የተወለወለ መዳብ ሰኞ እንዲህ ከሆነ የተመረዘው አየሩ ነው። መጋዘን ውስጥ የሞተ ሰው መርምሬ አውቃለሁ፤ የነቀዝ ክኒን ጋዙን ለቆ እንዲህ ግራጫ ዱቄት ይሆናል፤ ጋዙ መዳብ ያጠቁራል፣ በተዘጋ ክፍል ደግሞ ሰው ይገድላል።»

ዓይን ሁሉ ወደ እህል ነጋዴው ዞረ። አቶ ይታገሱ ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«እሳቸው አይደሉም» አለች ያምሮት፤ ድምጿ ዝቅ አለ። «እማዋይሽ፣ ስትወጪ አልጋው ሥር በቆሎ ነበረ?»

«አልነበረም።»

«እንግዲያው የመጣው ከእሷ በኋላ ነው። ከእሷ በኋላ ወንዳወቅን ያየው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ስም አልጠራችም። እማማ ደጊቱ ቀስ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ።

«እኔ ነኝ ያመጣሁለት። ነቀዝ እንዳይበላበት ብዬ ገበያ የሰጡኝን ክኒን ቋጥሬ ከተትኩበት። ሰው እንደሚገድል የነገረኝ የለም» አሉ። «ይሸታል ብሎኝ ነበር እኮ። ብርድ እንዳይመታህ መስኮቱን ዝጋው ያልኩት እኔው ነኝ።»

ፖሊሶቹ የእማዋይሽን ክንድ ለቀቁ። የአሮጊቷን ክንድ ለመያዝ ግን አንዳቸውም እጃቸውን አልዘረጉም።